የሚያንጠባጥብ ባዶ ቦቴ

ጋሽ ልየው ማረፋቸውን የነገረኝ ሰይድ ጎሚስታ ነው። ስልኩን ሳነሣ ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም።

«ልየው ቦቴ ሄደ» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት፣ ቢቸና፣ ቤቱ ነው ያረፈው። ቀብሩ ነገ ነው። ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

«እሄዳለሁ።»

«መሄዱን ሂድ። ብቻ ድንኳኑ ውስጥ ለማያውቅህ ሰው ስምህን አትናገር።»

ሰይድ ሞጣ ከተማ መውጫ ላይ ጎማ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አባቱም እዚያው ሞጣ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው ነው ያለፉት። ስምህን አትናገር ያለኝ በክፋት አይደለም። ጋሽ ልየውን ከሥራ ያስወጣው የጋዜጣ ጽሑፍ የእኔ ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት አንባቢ ከዚህ በኋላ የምለውን ሁሉ በዚሁ ልክ እንዲመዝነው ነው።

ጋሽ ልየው የውኃ ቦቴ ሹፌር ነበሩ። ቤታቸውና ቤተሰባቸው ቢቸና ነው፤ የሚሠሩት ግን ከሞጣ ወጣ ብሎ በነበረ የጦር ካምፕ ነበር። ወታደር አልነበሩም። ካምፑ ውስጥ ወጥ የሚሠሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ መኪና የሚጠግኑ ሲቪል ሠራተኞች ነበሩ፤ እሳቸውም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። ካምፑ የራሱ ውኃ አልነበረውም። ከከተማው ማዶ ካለ ጥልቅ ጉድጓድ በቦቴ እየተቀዳ ይገባል። መንገዱ የሚያልፈው በሰይድ ደጅ ነው።

አጠር ያሉ፣ ደረቅ ያሉ ሰው ነበሩ። መሪው ጀርባ ሲቀመጡ ከውጭ የሚታየው ባርኔጣቸው ብቻ ነው። አንድ የማይተውት ልማድ ነበራቸው፤ የቦቴውን ጎን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ያዳምጣሉ። ውኃው የት ላይ እንደደረሰ ከድምፁ ያውቁታል። ልማዱ ሰው ቤት ድረስ ይከተላቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ሲቀልዱ «ልየው ሠርግ ቤት ሲገባ ሙሽራዋን አያይም፤ የጠላውን ጋን ነው የሚያየው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ለሠርግ ተጠርቼ አይቻለሁ። ጋኖቹን ተራ በተራ አንኳኩ፣ ዳሱን አንድ ጊዜ ቃኙ፣ ከዚያ ለሠርገኛው አባት በጆሮው «ለዚህ ሰው አይደርስም፤ ከጎረቤት ፈልግ» አሉት። ሰውየው ተቆጣ። ምሳ ሳያልቅ ጋኖቹ ደረቁ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«የሚጠጣውን ያወቀ ጠጪውን ያውቃል» አሉኝ። እኔ ይህን የሠርግ ጨዋታ አድርጌ ነው የወሰድኩት።

ስለ ሥራቸው የሚጠይቃቸው ሰው ግን አንድ ጠብታ አያገኝም። ለዕረፍት ቢቸና ሲመጡ መናኸሪያው አጠገብ ያሉ እህል ነጋዴዎች ይተርቧቸዋል።

«ልየው ቦቴ! ለመሆኑ ዘንድሮ ስንት ሺህ ወታደር ነው የምታጠጣው?»

«አንዱን፣ ሺህ ጊዜ።»

«ኧረ ባክህ፣ እኛ ምሥጢር አናወጣም።»

«እኔስ መች ታወጣለህ አልኩ? የሌለህን ከየት ታወጣዋለህ?»

ደግሞም ሰዓት አያከብሩም ነበር። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ፤ አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን። አንድ ቀን አምስት ጊዜ ይመላለሳሉ፣ በማግሥቱ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ስድስት ጊዜ። በበጋ የከተማው ቧንቧ ሲቋረጥ የሞጣ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው መንገድ ዳር ይጠብቋቸዋል። የተረፈ ውኃ ካለ በመልስ ጉዞ ያካፍሉ ነበርና።

«ጋሽ ልየው፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ይመለሳሉ? ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት!»

«ስመጣ ታይኛለሽ።»

«ካልመጡስ?»

«ካልመጣሁ አታይኝም።»

በሞጣ የማይሞላ ቀጠሮ «የልየው ቀጠሮ» ይባል ነበር። ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ የቀረ ሰው እንኳ በዚሁ ስም ተሰድቧል።

ባዶውን ቦቴ መጀመሪያ ያሳየኝ ሰይድ ነው። የሞተር ብስክሌቴን ጎማ ሊያስተካክልልኝ ቁጭ ብሎ ሳለ የጋሽ ልየው ቦቴ ወደ ካምፑ ሲያልፍ ቀና አለ።

«እየው ይህን» አለ። «ባዶ ነው።»

«ያንጠባጥባል እኮ» አልኩት። በእርግጥም ከቦቴው ኋላ በኩል የሚወርደው ጠብታ አስፋልቱ ላይ ቀጭን መሥመር ይተው ነበር።

«ያንጠባጥብ። ሙሉ ቢሆን ጎማው መሬቱ ላይ ሆዱን ይነፋ ነበር። ሰው ይዋሻል፣ ጎማ አይዋሽም።»

ያን ጊዜ ነው መከታተል የጀመርኩት። ለሦስት ሳምንት በሞተር እየሄድኩ ጉድጓዱ ጋ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዳንድ ቀን ጋሽ ልየው ቦቴውን ከቧንቧው ሥር ያቆማሉ፣ ፓምፑ ግን አይነሣም። ለመሙላት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ከዚያ ተነሥተው ባዶውን ቦቴ ወደ ካምፑ ይነዳሉ። ከጉድጓዱ እስከ ካምፑ በር ያለውን መንገድ በሰዓት ለካሁ፤ ቀስ ብለው ስለሚነዱ ሁልጊዜ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አካባቢ ነው። ባዶ የሄዱበትን እያንዳንዱን ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ያልተሞላ ቦቴ ከየት አምጥቶ ነው መንገዱን ሁሉ የሚያንጠባጥበው? መልስ አላገኘሁለትም። ያልገባኝን ነገር አልጽፍም፤ ይህ የቆየ ደንቤ ነው። ስለዚህ የማንጠባጠቡ ነገር ከጽሑፉ ቀረ።

ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ጋሽ ልየውን ጠየቅኳቸው። ሰይድ ደጅ፣ ቦቴያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ባዶ ቦቴ ይዘው ወደ ካምፑ ሲገቡ አይቻለሁ» አልኳቸው።

አልደነገጡም። «ስንት ጊዜ አየህ?» አሉኝ።

«በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ከሰይድ በቀር ለማንም።»

«ታዲያ ተወው።»

«ምክንያቱን ይንገሩኝና ልተወው።»

«የሚነገር ቢሆን ተወው አልልህም ነበር።» ቦቴውን ሁለት ጊዜ አንኳኩ፣ እንደ ልማዳቸው። «እንግዲህ አልተውም ካልክ ስሜን ጻፍ፤ የፈለግኸውን በለኝ። ቁጥሩን ግን አትጻፍ።»

ስንት ጊዜ እንደሆነ ከታወቀ በባዶ ምልልስ ስም የተወሰደው ናፍጣ ይሰላል ብለው የፈሩ መሰለኝ። ቁጥሩን ጻፍኩት። ሌባ ብዬ አልጻፍኩም። «የካምፑ የውኃ ቦቴ በሦስት ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ባዶውን ተመላልሷል፤ ሹፌሩ ምክንያቱን ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆኑም» ነው ያልኩት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር።

በዚያን ጊዜ የካምፑ አገልግሎት አውትሶርስ ይደረጋል የሚል ወሬ ነበር። ወጥ ቤቱ፣ ልብስ አጠባው፣ ጋራዡ፣ ውኃው፣ የውጭው በር ጥበቃ ሁሉ ለአንድ የግል ድርጅት ሊሰጥ ነው ይባል ነበር። ጽሑፌ ከወጣ በኋላ ወሬው ስብሰባ ሆነ። ለመዘገብ ተጠርቼ ስለነበር የሆነውን በዐይኔ አይቻለሁ።

የድርጅቱ ወኪል ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አነጋገሩ ጨዋ የሆነ ሰው ነው። ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ለአዳራሹ አሳየ። «እኛ በጥላቻ አይደለም የመጣነው» አለ። «ይኸው በጋዜጣ ወጥቷል። እኛ የምንከፍለው በምልልስ ነው። የገባ ውኃ ይፈረምበታል፤ ያልገባ አይፈረምበትም። ባዶ ምልልስ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም። ዋናው ኤፊሸንሲ ነው።»

የካምፑ አስተዳደር ኃላፊ ወደ ጋሽ ልየው ዞሩ።

«አቶ ልየው፣ እዚህ የተጻፈው እውነት ነው ሐሰት?»

ጋሽ ልየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «እውነት ነው።»

«ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«ለአዛዡ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ።»

«አዛዡ ግዳጅ ላይ ናቸው። እኔን ወክለዋል። እዚሁ ይናገሩ።»

ጋሽ ልየው አዳራሹን ዞር ብለው አዩት። ወጥ ሠሪዎቹን፣ አጣቢዎቹን፣ የድርጅቱን ሰዎች፣ በመጨረሻ እኔን። ሠርግ ቤት ዳሱን የቃኙት ትዝ አለኝ።

«እዚህ ሰው በዝቷል» አሉ።

ከኋላ አንዱ መካኒክ «ልየው! ናፍጣው የገባበትን እኛም እንስማ እንጂ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ኃላፊው ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ጋሽ ልየው ሳቁ እስኪያልቅ ቆሙ። «እንግዲያስ የምናገረው የለኝም» ብለው ተቀመጡ።

የሳቁትም አልተረፉም። ወሩ ሳያልቅ ወጥ ሠሪዎቹ ተሰናበቱ። አጣቢዎቹ በድርጅቱ ስም በቀን ሥራ ተመልሰው ተቀጠሩ፤ የቆዩበት ዘመን አልተያዘላቸውም። ያ መካኒክ ዛሬ ደብረ ወርቅ ባጃጅ ይነዳል። ጋሽ ልየው ግን ሲወጡ የሌባ ስም ይዘው ነው የወጡት።

ከተሰናበቱ በኋላ አዛዡን ለማግኘት ሦስት ቀን በሩ ላይ ቆሙ። በሩን የሚጠብቀው ድርጅቱ የቀጠረው አዲስ ዘበኛ ነው፣ አያውቃቸውም።

«ቀጠሮ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ያለ ቀጠሮ አይገባም።»

ሰይድ ነው ይህን የነገረኝ። በሦስተኛው ቀን መጨረሻ እጃቸውን ይዞ መናኸሪያ አደረሳቸውና የቢቸና አውቶቡስ ላይ አሳፈራቸው። በመንገዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ዘበኛው ደህና ልጅ ነው፤ አላስገባኝም።»

ቢቸና ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። «ልየው ቦቴ» የነበሩት ሰውዬ «ልየው ናፍጣ» ሆኑ። ለእሳቸው ከዚህ የከፋው የእድሩ ነገር ነው። የሰፈሩ እድር ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት የሚቀመጥበት መጋዘን ቁልፍ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በእሳቸው ቤት ነበር። እሳቸው ሞጣ ሲሆኑ እትዬ ማንጠግቦሽ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አንድ እሑድ ሦስት የእድር ሽማግሌዎች መጥተው «ልየው፣ ደክመሃል፤ አሁን እንኳ ዕረፍ» አሏቸው። ማንም ስለ ናፍጣ አላነሣም። ጋሽ ልየው ቁልፉን ከምሰሶው አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

በእሳቸው ቦታ ድርጅቱ የቀጠረው ሹፌር ይበልጣል ይባላል። የሞጣ ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ሥራውን የሚያከብር። የሚከፈለው በምልልስ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሙሉ ይገባል፣ ሰዓቱንም አያዛንፍም። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት፣ አሥር። የሞጣ ሴቶች መረቁት። «የልየው ቀጠሮ» የሚለው ስድብ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ከሰይድ ቀጥሎ ዳቦ የምትጋግር ዘነበች የምትባል ሴት አለች። ካምፑ ሰው ሲበዛበት ወታደሮቹ ሲወጡ ሲገቡ ዳቦ ይገዟታል። ብልህ ሴት ናት፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሊጥ የምታቦካው የይበልጣልን ምልልስ እየቆጠረች ሆነ። አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ እዚያ ሻይ ስጠጣ ለሠራተኛዋ እንዲህ ስትል ሰማኋት።

«ዛሬ ዱቄቱን ቀንሺው። ቦቴው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የገባው። ወጥተዋል ማለት ነው፤ ካምፑ ባዶ ነው።»

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ሰይድ ጎማውን መምታት ቀጠለ። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ዳቧቸውን ተቀብለው ሄዱ። ተራ ዳቦ ገዢዎች ይሆናሉ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። «የሚጠጣውን ያወቀ ጠጪውን ያውቃል» የሚለው ያን ሰዓት ነው የገባኝ። የተዛባው ሰዓት፣ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ምልልስ፣ ጥላ ሥር መቀመጡ፣ ባዶው ቦቴ። ቁጥሩን አትጻፍ ያሉኝም።

ምን አደረግኩ? ምንም። ለማን ልደውል፣ ምን ማረጋገጫ ይዤ፣ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ያለችውን ይዤ ነው ወይ፣ እያልኩ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን፣ በስምንት ሰዓቱ ምልልስ፣ ለይበልጣል በሩ ሲከፈት ተኩስ ተከፈተ። ማን እንደተኮሰ ብዙ ተብሏል፤ በዐይኔ ስላላየሁ አልደግመውም። ይበልጣል መሪው ላይ ሞተ። ከወታደሮቹ ስንት እንደሞቱ አውቃለሁ። ቁጥሩን አልጽፈውም።

የይበልጣል ሚስት ባሏ የማን ሠራተኛ እንደነበረ ስትጠይቅ ካምፑ «የድርጅቱ ነው» አላት። ድርጅቱ «እኛ የምልልስ ውል እንጂ ቋሚ ሠራተኛ የለንም» አላት። ሁለቱም በደብዳቤ ነው ያሏት፤ ሁለቱንም አንብቤያለሁ።

ለይበልጣል ለቅሶ ጋሽ ልየው ከቢቸና መጡ። ከተባረሩ በኋላ ሞጣን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ተዋውቀውም አያውቁም። ከድንኳኑ ገብተው፣ ከእኔ ጎን ባዶ ቦታ አይተው ተቀመጡ። ከስተዋል።

«ጋሽ ልየው» አልኳቸው፣ «በጽሑፌ ላይ ማረሚያ ላወጣ እፈልጋለሁ።»

«ስንቴ አነበብኩት መሰለህ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። «አንድም የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም። ዘጠኝ አልክ፤ ዘጠኝ ነው። አልተናገረም አልክ፤ አልተናገርኩም። ምኑን ታርመዋለህ?»

«ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።»

«ምን ገባህ?»

የገባኝን ነገርኳቸው። አላረጋገጡልኝም፣ አላስተባበሉም። መሬቱን እያዩ ሌላ ወሬ አነሡ።

«ወጣት ሳለሁ፣ ሰሜን ጦር ግንባር፣ ለአንድ ሽማግሌ ሹፌር ረዳት ነበርኩ። ውኃ ነው የምናመላልሰው። በቀን ስድስት ጊዜ። ሽማግሌው ሰዓት አክባሪ ነበር፣ ሁሉም ያደንቀዋል። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ገባን።» ከዚያ ወደ ይበልጣል ሚስት በአገጫቸው አመለከቱ። «የሽማግሌው ሚስትም እንዲህ ነበር የተቀመጠችው።»

በጋዜጠኛ መለኪያ ይህ ማረጋገጫ አይባልም። ሲነሡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ፤ ለመቆም ብለው ይሁን ለሌላ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ካምፑ ከዚያ ቦታ ከተነሣ ቆይቷል። ዛሬ ይህን ብጽፍ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሚጠቀምም ብዙ አይደለም።

ለቀብሩ ደርሼ ከሰው ኋላ ቆምኩ። ለሠልስቱም ቢቸና ቆየሁ። ከሰይድ ምክር አልወጣሁም፤ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ማንም ሳይጠይቀኝ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያሉት ሁለት ሰዎች ስለ ሟቹ ሲያወሩ አንደኛው «ደግ ሰው ነበር፤ ያችን ነገር ባያደርግ» አለ። ሁለተኛው «ነፍሱን ይማር፣ ተወው» አለው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ያውቁኛል። ሰው ፋታ ሲሰጣቸው በጓሮ በኩል አስጠሩኝ። ጥቁር ነጠላቸውን እንደተከናነቡ የሎሚ ዛፍ ሥር ቆመዋል።

«ፊት ለፊት ልጠይቅህ» አሉኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ተከታትለኸዋል። ናፍጣውን ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም?»

«እሳቸው አልነገሩዎትም?»

«አልጠየቅኩትም። ሰርቄያለሁ ቢለኝ ምን ላደርግ ነው? አልሰረቅኩም ቢለኝስ ላምነው ነው? እንዲሁ አብረን ዝም አልን።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዐይኔ ዛፉ ላይ ሄደ። ከቅርንጫፉ ላይ አሮጌ ቢጫ ጀሪካን በሽቦ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ውስጥ ምስማር ገብቷል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከሞጣ ሲመለስ ይዞት የመጣው ዕቃ ይህ ብቻ ነው። የተበሳ ጀሪካን ምን ያደርግልሃል ስለው አይጣልም አለኝ። እኔ ለሎሚው ማጠጫ አደረግኩት፤ በቀስታ ነው የሚያንጠባጥበው።»

አውርጄ አየሁት። ሽቦው ከመኪና ሥር እንዲንጠለጠል ተደርጎ በሁለት በኩል የታጠፈ ነው። ጎኑ ላይ የአስፋልት ሬንጅ ተለጥፎበታል። ምስማሩ እስከ ግማሹ በሞረድ ተሞርዷል፤ ጠብታው እንዳይበዛ፣ እንዳያንስም።

«ውኃ አለ?» አልኳቸው።

ሞልተው ሰጡኝ። መልሼ ሰቀልኩትና ሰዓቴን አየሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ምን እንደማደርግ አልጠየቁኝም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ከድንኳኑ የሚመጣውን ወሬ እየሰማን ጠብታውን አየን። መሬቱ ረጠበ፣ ጠብታው ሳሳ፣ ቆመ።

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው የፈጀው። ከጉድጓዱ እስከ ካምፑ በር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው፤ እኔው ራሴ ለክቼ የጻፍኩት። ሦስቱ ደቂቃ በሩ ላይ ለሚደረገው ፍተሻ ነው።

«አልሰረቁም» አልኳቸው።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ካምፑ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ከቦቴው እንዳይቆጠር ሲሉ ባዶውን ሙሉ አስመስለው ሲነዱ እንደኖሩ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሳቀባቸው ይህን ከመናገር ሌባ መባልን እንደመረጡ፣ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አላለቀሱም።

«ለእኔ እንኳ ሳይነግረኝ» አሉ። ደግሞም፣ «ብጠይቀውስ ኖሮ?»

«የሚነግሩዎት አይመስለኝም።»

«አዎ። አይነግረኝም ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ትጽፈዋለህ?»

«እጽፈዋለሁ።»

«የፊተኛውን እድርተኛው ሁሉ አንብቦታል። ያላነበበውም ተነቦለታል። ይህን ማን ያነብልኛል?» ወደ ድንኳኑ ዞሩ። «ሽማግሌዎቹ እዚያ ናቸው። ቁልፉን የወሰዱበት እነሱ ናቸው። ለጋዜጣው ከመንገርህ በፊት ለእነሱ ንገራቸው።»

ባዶውን ጀሪካን ከዛፉ አውርጄ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ቦታ ሊለቁልኝ ብድግ ብለው ነበር። ስሜን ስናገር መልሰው ተቀመጡ። ጀሪካኑን ፊታቸው አስቀምጬ እንደቆምኩ መናገር ጀመርኩ።